ዳቦ በራሽን፣ ወተት በነጻ

ባለፈው ሰሞን አልጋ ላይ ስለሚሸኑ ልጆች ሁለት መስመር ብጽፍ አንድ ወዳጄ በውስጥ መስመር መጣብኝ። «ሀገር በኑሮ ውድነት እየተቃጠለች አንተ ስለ ሽንት ትጽፋለህ?» አለኝ።

ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ብዙዎቻችን የምናስበው እንደሱ ነው። መጀመሪያ እንበልጽግ፣ የልጆች ጉዳይ ቀስ ብሎ ይደርሳል እንላለን። እስቲ እንግሊዝን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ቦምብ ይወርድባቸዋል ከተባሉ ከተሞች ወደ ገጠር ተወሰደ። ከእናቱ የተነጠለ ልጅ የማያውቀው ሰው ቤት ያድራል፤ ጠዋት ፍራሹ ርሶ ይገኛል። የተቀበሏቸው ሰዎች ጮኹ። ጥፋቱም አስተዳደግ በማያውቁ ድሃ እናቶች ላይ ተላከከ።

መንግሥት ግን ጉዳዩን «የቤት ገመና ነው» ብሎ አልተወውም። ለአንሶላ ማጠቢያ ተጨማሪ አበል ከፈለ፤ ቤተሰብ ለከበዱት ልጆች ማደሪያ ከፈተ። የሕፃናት ሐኪሙ ዶናልድ ዊኒኮት በኦክስፎርድሺር በእነዚህ ማደሪያዎች ሠርቷል። የ1944ቱ የትምህርት ሕግ ደግሞ ተማሪዎች በነጻ እንዲመረመሩና እንዲታከሙ አደረገ።

አሁን ወዳጄ ልብ ይበል። በ1946 እንግሊዝ ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር የተበደረች፣ በጦርነቱ ወቅት እንኳ በራሽን ያልነበረውን ዳቦ በራሽን ያደረገች ሀገር ነበረች። በዚያው ዓመት ነው ለተማሪ ሁሉ በየቀኑ የፓይንት ሲሶ ወተት በነጻ እንዲሰጥ የተወሰነው። ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚለኝ ካለ ይህን ያስረዳኝ።

በ50ዎቹና በ60ዎቹ የየአካባቢው የልጆች ክሊኒኮች የደወል መሣሪያ ለወላጅ ያውሱ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንሶላው ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ ሲረጥብ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኝና ደወሉ ይጮኻል፣ ልጁ ይነቃል። እየቆየ ሰውነቱ ራሱ መንቃት ይለምዳል። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ማውረሮች ውጤቱን ያሳተሙት በ1938 ነው። ዛሬም ይሠራበታል።

ቅዱሳን ነበሩ እያልኩ አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል በስምንት ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ አልጋ በማርጠቡ መገረፉን ጽፏል። ወተት የሚያድለው መንግሥትም ቢሆን ልጆችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ መላኩን አልተወም። ያም ሆኖ የድሃ ልጅ ፍራሽ የመንግሥት ሥራ መሆኑን ተቀብለው በጀት መድበውለታል።

እኛ ጋ መድኃኒቱ ልምጭ ነው። ወይም «ሽንታም» የሚለው ስድብ። እኔ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ አረጥብ ነበር፤ ፍራሼ ጎረቤት እንዲያየው ተብሎ አጥር ላይ ይሰጣ ነበር። ልጅ ይህን ሆን ብሎ እንደማያደርገው፣ ብዙ ጊዜም በዘር የሚሄድ መሆኑን ያነበብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አባቴም በልጅነቱ እንደኔው ነበር አሉ።

እናቴ ዛሬም የዚያ ፍራሽ ነገር ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። አልፈርድባትም። ሐኪምም ሆነ መምህር፣ አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም።