ሻይና ማዕድ ይራራቁ

ቡና በኢትዮጵያውያን ቤት ወግ አለው፤ ጎረቤት ይጠራበታል፣ ዕጣን ይጤስበታል፣ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ሻይ ግን የዘወትር ነው። ከቁርስ ዳቦ ጋር፣ ከምሳ በኋላ፣ እንግዳ ሲመጣ ያለ ብዙ ሥርዓት ይቀርባል። ስለ አፈላሉና ስለ አጠጣጡ ብዙ የማይታሰበውም ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሻይ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ መቼ፣ ምን ያህል ሞቆና ከስንት ማንኪያ ስኳር ጋር እንደሚጠጣም ይወስነዋል።

ጥቁርና አረንጓዴ ሻይ የሚገኙት ከአንድ ተክል ነው። ጥቁሩ ቅጠሉ ከታሸ በኋላ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንዲጠቁር የተተወ ሲሆን፣ አረንጓዴው ግን ወዲያው በሙቀት ስለሚታከም ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ሁለቱም ፖሊፊኖል በተባሉ ውሕዶች የበለጸጉ ናቸው። በብሪታንያ የግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከማይጠጡት ከ9 እስከ 13 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ስለዚህ ሻይ መልካም መጠጥ ነው ማለት ይቻላል፤ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይቻልም።

እነዚሁ ፖሊፊኖሎች በማዕድ ላይ ሌላ ጠባይ አላቸው። ከጤፍ፣ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ከሥጋ የሚገኘው ብረት በዚህ እምብዛም አይነካም። በጾም ወራት ግን ብረት የሚገኘው ከእህልና ከአትክልት ብቻ ስለሆነ፣ ከሽሮው ጋር የሚጠጣው ሻይ የምግቡን ሲሳይ ይቀንሰዋል። ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው ለነፍሰ ጡሮች፣ ለወጣት ሴቶችና ለሕፃናት ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ እያጠቀሱ ለልጅ መስጠት በአገር ቤትም በስደትም የተለመደ ነው። ሆኖም ዕድገት ላይ ላለ ሕፃን ይህ ሆድ የሚሞላ እንጂ ደም የሚተካ ቁርስ አይደለም።

መፍትሔው ሻይን መተው አይደለም፤ ማዘግየት ነው። በብሪታንያ በጤነኛ ሴቶች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ ሻዩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ብረትን የማገድ ኃይሉ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ሳህን ሳይነሳ ሻይ ማቅረብ የእንግዳ አክብሮት ነው የሚል ይኖራል። አክብሮቱ ግን በአንድ ሰዓት ጨዋታ አይጎድልም፤ እንዲያውም ይረዝማል። ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ማቅረብም ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚገመተው ምድብ አስገብቶታል። በኢራን ጎለስታን 50 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናትም በቀን 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሻይ በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት የሚጠጡ ሰዎች ለዚሁ በሽታ ያላቸው ሥጋት፣ ለብ ያለ ሻይ በመጠኑ ከሚጠጡት በ90 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ችግሩ ሙቀቱ እንጂ ቅጠሉ ስላልሆነ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።

ሦስተኛው ስኳር ነው። በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ከሻይ ብቻ 48 ግራም ያህል ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ጣሪያ በቀን 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ 25 ቢሆን ይመረጣል ይላል።

የስኳሩ ብዛት ደግሞ ከአፈላሉ ጋር የተያያዘ ነው። ቅጠሉ ከውኃው ጋር ረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ይመርራል፤ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይበዛል። ስለዚህ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ አስቀድመው ይፍሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይጨመርና ተከድኖ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያም ይጠለል። አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ውኃው ወደ 80 ዲግሪ ይብረድ፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃም ይበቃዋል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ሻይ ከውሽውሽም ይምጣ ከጉማሮ፣ የራሱ መዓዛ ስላለው አንድ ማንኪያ ስኳር ይበቃዋል፤ ከለመዱት ደግሞ ያለ ስኳርም ይጠጣል።

እንዲህ ያለው ለውጥ ወጪ የለውም፤ አዲስ ዕቃም፣ ውድ ቅጠልም አይጠይቅም። ከምግብ አንድ ሰዓት መቆየት፣ እስኪበርድ መታገሥና ማንኪያውን መቀነስ ብቻ ነው። ለልጆች ደግሞ በሻዩ ፋንታ ወተት ወይም ውኃ ይቅረብላቸው፤ የሻይ ዘመናቸው ሲያድጉ ይደርሳል።