ጠላቂውን አታጣድፉት

ሰው ውሃ ሲወስደው ዳር የቆመው ሕዝብ የሚለው አንድ ነው፦ «እስኪ አንዴ ደግሞ ይግቡ!» ጠላቂው ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ማለት ነው። የቤተሰብ ጭንቀት ይገባኛል። ግን ከሰዓታት በኋላ የሚፈለገው አስከሬን ነው፤ ለአስከሬን ብለን ሁለተኛ ሰው ልናጣ እንችላለን።

የአምቦ ውሃ ክዳን ስትከፍቱ አረፋው የሚገነፍለው ግፊቱ ድንገት ስለቀነሰ ነው አይደል? ሲሊንደር ይዞ የጠለቀ ሰው ሰውነት ውስጥም ናይትሮጅን እንዲሁ ይሟሟል። ቀስ ብሎ፣ ካስፈለገም መሃል ላይ እየቆመ ካልወጣ አረፋ ይሆንበታል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆም እንዳለበት የሚያሰላለት እጁ ላይ የሚያስረው የጠላቂ ኮምፒውተር ነው። ቀደም ብሎ ጠልቆ ከነበረ የተረፈውን ናይትሮጅንም ይደምርበታል። «አንዴ ደግሞ» የምንለው ነገር እዚህ ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

በየጊዜው የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች አስከሬን አወጡ የሚል ዜና እናነባለን። እነሱም እኛም የምንኖረው ደጋ ላይ ነው፤ ጉዳዩም እዚህ ጋ ይከብዳል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የእኛው ሐይቅ ከባህር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ተለክቷል። ባህር ዳርቻ 1 ባር የሆነው የአየር ግፊት እዚያ ወደ 0.8 ይወርዳል። ባህር ውስጥ 30 ሜትር ወርዶ የወጣ ሰው ግፊቱ 4 እጥፍ ያህል ይቀንስበታል፤ ሐይቅ ላይ ግን 4.7 እጥፍ ገደማ። ለቀይ ባህር የተሠራ ሰንጠረዥ ለወሎ አይሆንም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን የተራራ ሐይቆችን ጭምር አስበው ያወጡት ስሌት ዛሬ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። አንዳንዱ ከፍታውን ራሱ ያውቃል፤ አንዳንዱን በእጅ መንገር ግድ ነው። አፕል ዋች አልትራ አለኝ የሚል ካለ ደግሞ፣ ጥልቀት የሚለካው እስከ 40 ሜትር ነው። የሐይቁ ግማሽ!

መንገዱስ? ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ትላለች። ኮምቦልቻ ቆላ ናት ብላችሁ አትጽናኑ፣ ዋናው መንገድ መጀመሪያ ደሴ ወጥቶ ነው ሐረጎን የሚወርደው። ሚኒባስ ውስጥ ጆሯችን የሚደፈነው በከንቱ አይደለም። ለጠለቀ ሰው ይህ ትንሽ በረራ ነው። አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት አንዴ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓታት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ 18 ሰዓታት እንዲጠብቅ ይመከራል። እኛ ግን እንግዳ አክባሪ ነንና ወዲያው መኪና ውስጥ አስገብተን «ምሳ ደሴ ነው» እንላለን።

ስለዚህ ጠላቂ የሚያሰማራ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ሐይቅ ከተማ የማደሪያ አበልም በጀት ይያዝ። አልጋ ከሽባነት በብዙ ይረክሳል። እኛ ዳር ቆመን የምንቀርጸው ደግሞ፣ ጠላቂው እጁን አይቶ «አሁን አልገባም» ካለ፣ ስልኩን ዝቅ አድርገን የሚጠጣ ውሃ እንስጠው።