የመጀመሪያው ነጎድጓድ የመዝጊያ ደወላችን ይሁን



እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እዚህ ኢምባካሲ ሰማዩ ሲጠቁር መጀመሪያ የምንሸፍነው ምንድን ነው? ዕቃውን። ቦንዳው ላይ ላስቲክ እንደርባለን፤ ንፋሱ ሸራውን እንዳይወስድብን የብረት ቋሚውን ጨብጠን እንቆማለን። ከትምህርት ቤት የመጡ ልጆቻችንን ሳይቀር «ያንን ጥግ ያዙልን» እንላለን። ሰማዩ እያጓራ ብረት ይዘን የምንቆመው እኛው ነን። ዕቃው ሳይረጥብ ከዋለ ተመስገን ብለን እንገባለን።

ይህን ትጋት ብለን ጠርተነዋል። ለነጋዴ ግን ከዚህ የከፋ የሂሳብ ስህተት የለም። የረጠበ ልብስ ይደርቃል፣ ባይሆን በቅናሽ ይሸጣል። በረዶ የቀደደው ሸራ ይተካል። የሰው ሕይወት በየትኛው ትርፍ ይተካል?

«ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» የሚሉን አሉ። እምነታቸውን እናከብራለን። ግን እነዚሁ ሰዎች ማታ ሱቃቸውን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋሉ። ለሌባ የተጠነቀቅን ለመብረቅ ምነው ሰነፍን?

መብረቅ የገጠር ጉዳይ ነው የምንልም ካለን፣ ጎረቤት ኡጋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2024 በፓላቤክ የስደተኞች መጠለያ ለጸሎት በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ መብረቅ ወድቆ 14 ሰዎች ሞቱ። እንደኛው ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በኬንያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የጣለው ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እዚሁ በአጠገባችን ሙኩሩ የንጎንግ ወንዝ ሞልቶ ቤቶችን አጥለቅልቋል።

ማድረግ ያለብን ከባድ አይደለም። ነጎድጓድ ከሰማን መብረቁ ሊደርስብን ይችላል ማለት ነው። ያኔ ሸራውን ትተን በግንብ ወደ ተሠራ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት፣ መስኮቱ ዝግ ወደሆነ መኪና እንግባ። ዛፍ ሥርና ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ መጠለያ አይደሉም። ሶኬት ላይ የተሰካ ስልክ አንንካ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማን በኋላ 30 ደቂቃ እንቆይ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስነዝርም፤ ትንፋሹ ከቆመ ሳንዘገይ ደረቱን እየተጫንን በ999 ወይም በ112 እርዳታ እንጥራ። የሚወርድ ጎርፍ አንሻገር፤ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ የሚል ፈጣን ውኃ እንኳ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል።

«ገበያው ያመልጠናል» ለምትሉ፦ በዚያ ዶፍ የትኛው ደንበኛ ቆሞ ይከራከራል? እሱም ተጠልሏል።

ስለዚህ ከመጪው ዝናብ በፊት ሦስት ነገር እንስማማ። ሠራተኛ ያለን ሰዎች በነጎድጓድ ጊዜ «ሸራ ያዝ» ብለን አንዘዝ። በዚያ ቀን ዘግይቶ ለመጣ የዕቁብ ቅጣት ይቅር። የኬንያ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ሲወጣ፣ የሚያነብ ሰው በአማርኛ በድምፅ ቀድቶ ለእናቶቻችን ይላክ። ቋንቋ የምናውቀው ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ መሆን የለበትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በዛሬው ቀን እንነጋገርበት።