ለሙዚቃ አሳታሚዎችና ለዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች፦ ያቺን አንቀጽ አስተካክሏት

የተከበራችሁ የሙዚቃ አሳታሚዎች፣ የሙዚቃ ቤትና የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት አንቀጽ ነው። ከጀማሪ ድምፃውያን ጋር በምትፈራረሙት ወረቀት ላይ፣ ድምፃዊው የሥራውን ሙሉ መብት፣ አሁን ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም መንገድ እንድታሰራጩት፣ ለዘለቄታው እንዳስተላለፈላችሁ የምትናገር አንቀጽ አለች። አጻጻፏ ከቤት ቤት ይለያያል እንጂ ሐሳቧ አንድ ነው። ልጆቹ ወረቀቱን አስነብበው ምክር የሚጠይቁኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፈረሙ በኋላ ነው። «ይቺ ምን ማለት ናት?» ስላቸው፣ «ዘፈኑን እነሱ ይለቁታል ማለት ነዋ!» ይሉኛል።

እናንተ ግን ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ የሚገኘው፣ ከስፖቲፋይና ከአፕል ሙዚቃ የሚመጣው፣ ከጥሪ ማሳመሪያ የሚሰበሰበው፣ ዘፈኑ ለፊልም ማጀቢያ ሲፈለግ የሚከፈለው፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ገብቷል። ልጁ በምትኩ የስቱዲዮና የክሊፕ ወጪ ከተሸፈነለት ዕድለኛ ነው። ብዙዎቹ ግጥምና ዜማውን ከኪሳቸው ገዝተው፣ ለአቀናባሪው ከፍለው፣ ሚክሲንግና ማስተሪንጉን አስጨርሰው ያለቀ ሥራ ይዘው ይመጣሉ። «ቻናላችን ላይ እንለቅልሃለን» የሚል ቃል ይሰጣቸዋል፤ ለዚያች ቃል ብለው ይፈርማሉ። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ እናንተ ያወጣችሁት ምን ያህል ነው?

እርግጥ ነው፣ ገንዘባችሁን አፍስሳችሁ የቀራችሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የሲዲ ገበያ ሞቷል፤ በፍላሽ እየገለበጠ የሚሸጠውም ሱቅ ሳንቲም አይሰጣችሁም። ያወጣችሁትን አስቀድማችሁ ብትመልሱ፣ ከትርፉም ትልቁን ድርሻ ብትወስዱ አልቃወምም። የምቃወመው «ለዘለቄታው» የሚለውን ነው። አንዲት ክፍል የሚያከራይ ሰው እንኳ የኪራዩን ዘመን ይጽፋል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ እንዴት ያለ ጊዜ ገደብ ይወሰዳል?

«ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም መንገድ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ተዳፍሮ እነ ዓለማየሁ እሸቴን ሲያሳትም፣ ሸክላው ሕንድ አገር ታትሞ ሲመጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የገመተ አልነበረም። (አምሃን ያነሣሁት በክብር ነው፤ ያለ አሳታሚ ድፍረት ያ ሁሉ ሙዚቃ ባልተቀረጸ ነበር።) ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች የዚያ ዘመን ዘፈኖች ባሕር ማዶ አዲስ አድማጭና አዲስ ገበያ አገኙ። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ነው። ዘፈን ከተቀረጸበት ዕቃ በላይ ዕድሜ እንዳለው ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያንን ሐረግ ስታስፈርሙ፣ ዋጋው ገና ያልታወቀ ነገር በዛሬ ችግር ልክ እየገዛችሁ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩን መብት ለየብቻ ነው ያስቀመጠው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ድምፃዊው ፈርሞ ሊሰጣችሁ የሚችለው የራሱን ነው። ግጥሙንና ዜማውን «ገዝቼዋለሁ» ሲላችሁ፣ በምን ወረቀት እንደገዛው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ክርክር ሲነሣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1731 ትጠቅሳላችሁ፤ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን አንቀጽ 1710 አለ። ውል ለአንዱ ወገን ስላደላ ብቻ አይፈርስም ይላል፤ የተጎጂው ስምምነት የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነሱን በመጠቀም ከሆነ ግን፣ ፍትሕ ሲጠይቅ ሊፈርስ ይችላል። ጀማሪ ድምፃዊ ማለት እኮ ይኸው ነው! ችግር አለበት፣ የዋህ ነው፣ ንግዱን አያውቅም። ያም ሆኖ ክሱ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መንገዱ ይዘጋል፤ ዘፈኑ ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ በኋላ ነው። ለጠበቃ የሚከፍለው ያለው ጀማሪም ብዙ አላውቅም። ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ወረቀቱን ስቱዲዮ በር ላይ አታስፈርሙ፤ ወደ ቤቱ ይውሰደው፣ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ። «ሙሉ መብት» በሚለው ፈንታ የምትወስዱትን በስም በስሙ ጻፉት፤ ዩቲዩብ ከሆነ ዩቲዩብ፣ የጥሪ ማሳመሪያ ከሆነ የጥሪ ማሳመሪያ፣ እያንዳንዱም ለስንት ዓመት እንደሆነ ይታይ። ልጁ የገዛ ዘፈኑን በገዛ ቻናሉ ሲጭን በኮንቴንት አይዲ እንዳይያዝበት ከወዲሁ ተስማሙ። የዩቲዩብ ገቢ በየወሩ ተሰልቶ የሚመጣ ነው፤ ያንን ገጽ ለባለዘፈኑ ማሳየት ወጪ የለውም። አለማሳየት ግን ሐሜት ያመጣል፤ ሐሜቱም በየመድረኩ እየተወራ ነው።

የቆዩት ውሎችም አሉ። ወጪያቸውን ከመለሱ ዓመታት ያለፋቸው ዘፈኖች የትኞቹ እንደሆኑ ከሒሳብ መዝገባችሁ ታውቃላችሁ። በ2 ዓመቱ ገደብ ምክንያት ዛሬ ማንም ሊያስገድዳችሁ ላይችል ይችላል። ከእነዚያ ድምፃውያን አንዱን ብቻ ጥሩትና ውሉን እንደገና አብራችሁ አንብቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ሙዚቃ ወዳጃችሁ