ሲነክስ እንጂ ሲያነክስ የማይታየው ውሻ

አማርኛችን አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ጉድ ይሠራል። ውሻ "ነከሰ" ሲባል ሰፈር ይነቃነቃል፤ ዱላ ይነሳል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ የባለቤቱ ዘር ማንዘር ይወቀሳል። ያው ውሻ "አነከሰ" ሲባል ግን ጸጥ! "ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከቦሌ እስከ ኮልፌ መልሱ አንድ ነው፦ "እኔ እንጃ፣ ማታ ደህና ነበር። እንዲሁ በድንገት ነው።"

እኔ ከዚች "እንዲሁ በድንገት" ጋር ጠብ አለኝ። ውሻ እንዲሁ አያነክስም። ድንገተኛው ነገር የኛ ማየት ነው።

ማስረጃ? እሺ። የጉልበት ጅማትን እንውሰድ። ኳስ ተጫዋች ጅማቱ የሚበጠሰው ባብዛኛው በአንድ ክፉ መታጠፍ ነው። የውሻ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ አሮጌ ገመድ ክር በክር ለወራት ሲሳሳ ይከርምና አንድ ቀን ከደረጃ ሲወርድ ጧ ይላል። ከዚያ በፊት ሲቀመጥ እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋ ነበር፤ ጠዋት ሲነሳም ይከብደው ነበር። ማን አየው? ዘበኛው በር ይከፍታል፣ ሠራተኛዋ ትርፍራፊ ትደፋለታለች፣ ባለቤቱ መኪናውን አቁሞ ይገባል። ውሻው የሚታወሰው ሌሊት ካልጮኸ ነው።

ወይም ደግሞ ያን በብዙ ሺህ ብር የተገዛ ጀርመን ሼፐርድ እንውሰድ። የዳሌው አጥንት ከማቀፊያው ጋር በደንብ ሳይገጥም የሚያድግበት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ችግር አለ። የእንስሳት ሕክምና ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው በጽሑፍ የተገለጸው። እስቲ ቡችላ ሻጩን "የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ አሳየኝ" በሉት፤ እንደ እብድ ያያችኋል። ጆሮው ቆሞ የተነሳው ፎቶ ግን በሽ በሽ ነው! ጆሮ አይተን ገዝተን በዳሌ እንገረማለን።

ቡችላውን በፍቅር የሚገድሉም አሉ። "የኔ ውሻ ከሥጋ ሌላ አይቀምስም" እያሉ ይኮራሉ። ንጹህ ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ካልሲየሙን ከምግቡ ሲያጣ ከራሱ አጥንት ይበደራል። አጥንቱ ይሳሳል፣ ከሶፋ ሲዘል ይሰበራል። ከዚያ ምን ይባላል? "እንዲሁ በድንገት!"

ከ5 እስከ 18 ወር ያለ ትልቅ ዘር ውሻ ደግሞ ዛሬ በፊት ቀኝ፣ ከሳምንታት በኋላ በኋላ ግራ እግሩ ሲያነክስ "ተንኮለኛ ነው፣ ያስመስላል" ይባላል። አያስመስልም። በዚያ ዕድሜ ረጃጅም አጥንቶችን ከውስጥ እያሳመመ ከእግር እግር የሚዞር፣ ፓኖስቲአይቲስ የሚባል ሕመም አለ። መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያም ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ውሻ ትወና አልተማረም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት ልምጣ። ውሻው ሲያነክስ ብዙ ቤት የሚከፈተው መሳቢያ ነው። የአባባ የወገብ ኪኒን ይወጣል፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በዳቦ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ለሰው የተመጠነው ይህ ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ፓራሲታሞልም ሲበዛ ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። በሚስማር የጀመረው ነገር በኩላሊት ያልቃል። ለገዛ ልጁ ያለ ሐኪም ሽሮፕ የማይሰጥ ሰው ለውሻ ሲሆን በአንድ ሌሊት ፋርማሲስት ይሆናል።

"ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር የውሻ እግር?" የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ አልንቀውም። የሰው ችግር እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚሉኝን ልጠይቃቸው፦ ለውሻው ያላወጣችሁትን ብር ለየትኛው ታማሚ ሰጣችሁት? ደግሞ ውሻው ለምኖ አልመጣም። ለንብረታችሁ ጠባቂ ፈልጋችሁ አመጣችሁት፣ በሰንሰለት አሰራችሁት፤ ታስሯልና ራሱን ይዞ የትም አይሄድም። ያሰረ ሰው ያየዋል። ግዴታው ይኸው ነው።

ማየት ደግሞ በነጻ ነው። ቀስ ብሎ ሲራመድ አንገቱን ተመልከቱ፤ የፊት እግሩ ከታመመ፣ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ከዚያ መዳፉን አገላብጡ፤ በጣቶቹ መካከል እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ የተጣበቀ መዥገር ይኖር ይሆናል። የታመመ ውሻ የሚወደውንም ይነክሳልና አፉን በጨርቅ ማሰር ነውር የለውም፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን አትሰሩት። ምንም ካላገኛችሁ አንድ ሁለት ቀን ከሩጫና ከዝላይ አሳርፉት። ካልተሻለው ሐኪም ይየው። እግሩ ከተንጠለጠለ፣ ካበጠ፣ ጨርሶ ካላስረገጠው ወይም ሁለቱን የኋላ እግሮች ከጎተተ ግን ቀጠሮው ዛሬ ነው። "የውሻ ሐኪም የት አለ?" አይባልም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፣ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤትም የእንስሳት ሐኪም ሲያስመርቅ አሥርተ ዓመታት ቆጥሯል።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ያልተከተበ ውሻ እግሩ ዝሎ፣ ጠባዩ ወይም ድምፁ ተለውጦ፣ ለሐጩ ከተዝረከረከ አትንኩት። የእብድ ውሻ በሽታ አንዳንዴ በሽባነት ይመጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ሰውንም ውሻንም አያተርፍም ማለት ይቻላል። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ፓስተር ክትባቱን በሰው የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የግቢያችንን ውሻ ለማስከተብ ዛሬም "ቆይ ነገ" እንላለን። "ምናገባኝ" የምትሉትን ሰዎች ቢያንስ ይህ ያገባችኋል።

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። እሱ ድርሻውን ይወጣል፤ እግሩ ተሰብሮ እንኳ ኮቴ ሲሰማ በሦስቱ ተነስቶ ይጮኻል። እናንተ እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይን አላችሁ። ዛሬ ማታ በር ሲከፈትላችሁ አንዴ ወደ ታች እዩ።