የባሉጋኒ ዓይን

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ እንሰትና ጤፍ በመዳብ ላይ ተቀርጸው ታትመዋል። አገራችንን ያልረገጠ የአውሮፓ ሊቅ እንኳ አበባን ከቅጠል ለይቶ እንዲመረምር አስችለውታል። ብሩስ ግን ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ሠዓሊው አብሮት መጥቶ ጎንደር ላይ ሞቶ የቀረው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር።

«ሥዕሉ እውነተኛ ከሆነ ማንም ይሣለው፣ ምን ቸገረን?» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ለምርምር የተሣለ ሥዕል ጌጥ ሳይሆን የምስክር ቃል ነው፤ ክብደቱም «አየሁ» ባለው ሰው ላይ ያርፋል። ቦሌ በምሠራበት ባንክ ፊርማው የተፋቀ ሰነድ ገንዘብ አያስከፍልም። የኮሶን አበባ ዘለላ በዘለላ ያየው ዓይን የባሉጋኒ ነውና፣ ሥዕሉን ባነሣን ቁጥር አስቀድመን የእርሱን ስም እንጥራ።