የእማዬን ግድግዳ ተዉልኝ

«ኢንጂነሩ» ሲሚንቶ ገዝቷል።

የዚህ ዓምድ ነባር ደንበኞች ታናሽ ወንድሜን ታውቁታላችሁ። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። የውሃ ታንከር ጣራ ላይ ሰቅሎ ጣራውን ያጎበጠው፣ የሽንት ቤቱን በር ገልብጦ ገጥሞ አጎታችንን ከውስጥ ያስቀረው እሱ ነው። ማክሰኞ ማታ ደውሎ «የምሥራች!» አለኝ። «ምሥር ብላ» እስክለው እንኳን አልጠበቀም። ሲሚንቶ አስጭኖ ትውልድ ቀያችን ለሚ አግብቷል፤ የዶሮ ሽቦ ገዝቷል፤ ከለሳኝ ጋር ዋጋ ቆርጧል። የእማዬን ቤት ከውስጥም ከውጭም ሊያስለስነው ነው። ከእንግዲህ በየዓመቱ ጭቃ ማቡካት የለም።

«እማዬ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ ደስ አላት እንጂ።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

እማዬ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ እህል መቅመሴን ጠየቀች። ቀጥላ ስለ ልጆቹ። የግድግዳውን ነገር ሳነሳባት ግን «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ የተማራችሁት እናንተ፣ ተስማሙ። ብቻ መደቤን እንዳይነካብኝ» አለች። እናቴ ደስ ሲላት እንዲህ አትናገርም። ደስ ሲላት ምርቃቱ ስልኩ እስኪዘጋ አያባራም።

እንግዲህ ወደ አሮጌው ጠቤ ልመለስ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይለሰንም! ከዚህ በፊትም ብዬ «ሰውዬው ወደ ኋላ ሊጎትተን ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። አሁንም እላለሁ። የእማዬ ቤት ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፣ ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ሥጋው ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ ጎረቤት ሁሉ ይቀናል። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትወጣለች። የክረምት ውሃ በስንጥቋ ገብቶ መውጫ ያጣል። ቋሚው ከሥር ይበሰብሳል፣ ምስጡም ማንም ሳያየው ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ያለ ቤት ካጋጠማችሁ ግድግዳውን በጣታችሁ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉት። ጥሩ ልስን ድምፁ ድፍን ነው። ከጭቃው የተላቀቀው ባዶ ባዶ ይላል፤ በሩ በኃይል ሲዘጋ ደግሞ ውስጡ አፈር ሲራገፍ ይሰማል። አንድ ቀን ከነዶሮ ሽቦው ዘጭ ይላል።

«ፋብሪካው ደጃችን መጥቶ በጭቃ ልንኖር ነው?» ይላል ኢንጂነሩ። እውነቱን ነው፣ ፋብሪካው ደጃችን መጥቷል። ኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የቻይና ሸሪኩ ያቆሙት ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ በመስከረም 2017 በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመርቋል። በቀን 150 ሺህ ኩንታል ማምረት ይችላል ተብሎለታል፤ ወጪው 600 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ለማግኘት ሰው ዘመድ ይፈልግበት የነበረውን የ2014ን ዓመት የማይረሳ ሰው ይህን አይጠላም። እኔም አልጠላሁም። ከሙከጡሪ ተገንጥሎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ በልጅነታችን አንድ አውቶቡስ በስንት ጊዜ የሚያልፍበት ነበር። «ለሚ» ስንል «የት ነው?» የሚለን ሰው ዛሬ የአገራችንን ስም ከረጢት ላይ አንብቦ ያውቀዋል። ግን ሲሚንቶ ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭቶ፣ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነዶ፣ ጥቂት ጀሶ ተጨምሮበት እንደገና የተፈጨ ነው። የጀማ ገደል ሁለቱንም ድንጋይ፣ ኖራውንም ጀሶውንም፣ ይዞ የኖረ ነው። ያው የኛው አፈር እሳት አይቶ በከረጢት ሲመለስ ክብር አገኘ፤ እሳት ያላየው ወንድሙ ደግሞ የድህነት ምልክት ተባለ።

ኢንጂነሩ ሲሸነፍ ታሪክ ይጠቅሳል። «አንኮበርን አታይም? ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው ግንቡ ነው፤ ጭቃው የት አለ?» አለኝ። ግንቡ እኮ የተያያዘው በኖራ ነው፣ ወንድሜ። አገራችን ሲሚንቶ ማምረት የጀመረችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ነው። ምኒልክ ያንን ግንብ ሲያሠሩ የሲሚንቶ ከረጢት የሚባል ነገር ሸዋ ውስጥ አልታየም። አንኮበር ለኔ ነው የሚመሰክረው።

ዋሽንግተን ያለችው እህታችን ደግሞ ከእሱ ጋር ወግናለች። «ለእማዬ ዘመናዊ ነገር ይሠራላት፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከች። እህት ዓለም፣ አንቺ የምትኖሪበት ቤት እንጨት ተዋቅሮ ጂፕሰም ቦርድ የተመታበት ነው። በጡጫ ብትዪው እጅሽ ጎረቤት ይገባል። የማንን ዘመናዊ ነው የምታወሪው?

ማሊ ውስጥ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ትልቁ መስጊዷ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ አሁን ያለው በ1907 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ዩኔስኮም ከተማዋን በዚያው አቆጣጠር በ1988 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የመስጊዱ ምስጢር የኛው ምርጊት ነው። በየዓመቱ ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣና ይመርገዋል። ጭቃውን ቀድሞ ለማድረስ ሰፈር ከሰፈር ይሽቀዳደማል። ማንም ወደ ኋላ ጎታች ናችሁ አላላቸውም፤ ጭራሽ ቱሪስት ከፍሎ ያያቸው ነበር።

የኛ ቤት ምርጊት ዝናቡ ወጥቶ ውርጭ ሳይመጣ ነበር የሚሠራው። መስቀል ካለፈ፣ አደዩ ገና ሜዳው ላይ እያለ፣ የባቄላ እሸት ከየጓሮው ሲመጣ። አፈሩን የሚመርጠው አባዬ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከቤታችን ጀርባ ካለው ቁልቁለት ቀዩን አፈር ያስቆፍርና ይከምረዋል፣ መካከሉን እንደ ጉድጓድ ከፍቶ ውሃ ያጠጣዋል። ጭዱ የጤፍ መሆን አለበት። የስንዴ ጭድ ደረቅ ነው፣ እጅ ይወጋል፣ ከጭቃው ጋርም አይዋሃድም። ከዚያ የኛ ሥራ ይመጣል፤ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን መርገጥ። መጀመሪያ ሲገቡበት ቅዝቃዜው አጥንት ይነካል። ቆይቶ ይሞቃል። ተረግጦ ያበቃው ጭቃ በጆንያ ተሸፍኖ ይከርማል፣ ሽታው መንደሩን እስኪያስቸግር ድረስ። አባዬ ከዳር ቆንጥሮ በሁለት ጣቱ ይስበዋል፤ ጭዱ ሳይበጠስ ከተሳበ ደርሷል፣ ከተበጠሰ ይቆይ ይባላል። ለዚህ ሥራ ከጣት ሌላ መሣሪያ አልነበረውም።

ቀኑ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ወንዶቹ እየጠቀለሉ በእጃቸው ይወረውራሉ፣ ሴቶቹ ጠላና ንፍሮ ያቀርባሉ። መጨረሻ ላይ እማዬ ትመጣለች። እበትና አመድ በጥብጣ በመዳፏ ስትለቀልቀው ክንዷ የደረሰበት ድረስ ቅስት በቅስት ላይ ይቀራል። ታላቅ እህቴ እትዬ ከሥር ከሥሯ ትከተላለች፤ የእሷ ቅስት ትንሽ ነው። ብርሃን ከጎን ሲመታው የማን እጅ የት እንዳበቃ ይለያል። ይህን ስናገር ኢንጂነሩ «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ትተርካለህ፣ የሚያቦካው እኔ ነኝ» ይለኛል። ይበል። ጩኸቱ ምክንያት አለው፤ ወንፈል የሚመልሰው ወጣት ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፣ የጤፍ ጭድም ለከብት ማድለቢያ ስለሚፈለግ ዋጋው አይቀመስም። ይህን አልክደውም። ግን መፍትሔው የዶሮ ሽቦ አይደለም።

የሳምንቱ ትልቅ ጠብ ግን ይህም አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ኢንጂነሩ የጓዳውን ግድግዳ ለሽቦው ሊያመቻች መፋቅ ጀመረና ፎቶ ላከልን። ከልቅለቃው ሥር ጋዜጣ ወጣ። አዲስ ዘመን! ጭስ ሲጠጣ የኖረ ወረቀት እንዴት ጠይም እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ያን ቀን አልተኛም።

በልጅነታችን ጓዳው በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። ጋዜጣው ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት ይመጣል፣ ጥቂቱን አባዬ ከአስተማሪ ወዳጁ ይለምናል። እማዬ የዱቄት ሙቅ አቅጥና ትለጥፈዋለች። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠርን እንጂ ማንበብ የለመድነው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው፣ ያውም አንገታችንን አጣመን። ምክንያቱም ግማሹ ተገልብጦ ነበር የተለጠፈው። በፎቶው ላይ የታችኛው ሽፋን ርእሱ ወደ ምድር ነው። በላዩ የተለጠፈው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ወዲያው ገባኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀመረ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ እማዬም ደብተር ይዛ ማታ ማታ ትሄድ ነበር። የታችኛው ከዚያ በፊት፣ የላይኛው ከዚያ በኋላ! ግድግዳው ላይ እናቴ ማንበብ የቻለችበት ጊዜ ተለጥፎ አለ ብዬ ጻፍኩ።

ደብረ ብርሃን ያለችው እትዬ አልተቀበለችኝም። የታችኛውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ የገለበጥኩትም ለጨዋታ ነው ስትል ማለች። ዋሽንግተን ያለችው ደግሞ ያኔ አልተወለደችም ግን አስታውሳለሁ ትላለች። ክርክሩ ሲበዛ እማዬን ጠየቅናት። ሳቀች። «ገልብጬ የለጠፍኩትማ ሆነ ብዬ ነው። ቀጥ አድርጌ ከለጠፍኩት እናንተ እዚያው ተገትራችሁ ታነቡ ነበር፤ ውሃ የሚቀዳልኝ ማን ነው?»

እሷ ይህን ካለች በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። እኔ ግን አሁንም የመሠረተ ትምህርቱን ነገር አምናለሁ።

ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ስንት ጓዳ ለብጦ፣ ስንቱን ልጅ አስነብቦ ይሆን? ዛሬ ይህን ዓምድ አብዛኞቻችሁ በስልክ ነው የምታነቡት። ስልካችሁ ግድግዳ አይለጠፍም፣ ሎሚም አይጠቀለልበትም፣ ከ40 ዓመት በኋላ ፍቆ የሚያገኘውም የለም። ወረቀት ተወደደ ይሉናል፣ አንባቢ ጠፋ ይሉናል፣ ዓምዱ ይጠር ይሉናል። አዘጋጁ ይህን አንቀጽ ከቆረጠው ለምን እንደቆረጠው ታውቃላችሁ።

የሆነ ሆኖ ሐሙስ ማታ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ሲሚንቶው ውሃ በሚሄድበት ቦታ ይውላል፤ ለመሠረቱ የድንጋይ ካብ፣ ለቤቱ ዙሪያ ቦይ፣ ለሽንት ቤቱ ወለል። እዚያ ኢንጂነሩ እንደ ልቡ ይሁን። የዶሮ ሽቦው ለዶሮዎቹ ይሰጥ። የጓዳው ጋዜጣ ባለበት ይቆያል፣ መደቡም አይነካም። ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ እገባበታለሁ፣ ዋሽንግተን ያለችው የጠላውን ጌሾና ብቅል ትችላለች።

የቀረን ጭድ ነው። ወረዳችን እንሳሮ ውስጥ የአምና የጤፍ ጭድ ከክምሩ የተረፈው ሰው ካለ ለነጋዴ ከመስጠቱ በፊት ለሚ ለእማዬ ጎራ ይበል። ሒሳቡን ኢንጂነሩ ይከፍላል።